ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት፤ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሥራና ለእኛ የተዉት አደራ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በስፖርት ክበብ አባሎች የተነበበ ንግግር)



 እንደ ልማዱ ቢሆን ኖሮ የስፖርት ክበብ በበዓል ቀን የሚፈለገው በሜዳ እንጂ በመድረክ አይደለም። የሥነ ጽሑፍ ክበብ ግጥሙን ያነባል፤ የሳይንስ ክበብ ሙከራውን ያሳያል፤ እኛ ደግሞ ማልያችንን ለብሰን ኳስ እንጫወታለን። ዘንድሮ ግን ከጨዋታው በፊት ጥቂት ቃል እንድንናገር ራሳችን ለመንን። የለመንንበትም ምክንያት አለን፤ እርሱንም ሳንደብቅ ከመጀመሪያው እንገልጻለን።

ባለፈው ዓመት ወደ ሮቤ ሄደን ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር የእግር ኳስ ግጥሚያ አድርገን ስድስት ለዜሮ ተሸነፍን። መሸነፍ በጨዋታ ያለ ነገር ነው። ስንመለስ በመኪናው ውስጥ የሆነው ነገር ግን ያለ ነገር ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በረኛችን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረ። ገሰራ እስክንደርስ ድረስ እኛ ትልልቆቹ ስሙን እየጠራን ስንሰድበውና ስናፌዝበት መጣን። እርሱም ጋቢውን ተከናንቦ አንድ ቃል ሳይመልስ ከመኪናው ወረደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ልምምድ ተመልሶ አልመጣም።

ውሎ አድሮ ነገሩን ስናስበው ያፈርነው በራሳችን ነው። ለዚያ ልጅ ኳስ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚወደቅ፣ መቼ ከጎሉ ወጥቶ አጥቂውን መገናኘት እንደሚገባ ያስተማረው ማንም አልነበረም። ከእኛ መካከል ሁለት ዓመት በረኛ ሆኖ የተጫወተ ነበረ፤ ነገር ግን እርሱ አጥቂ መሆን ስለ ፈለገ ጓንቱን ለልጁ ሰጠው እንጂ ዕውቀቱን አልሰጠውም። እኛም ሌሎቻችን የምናውቀውን ሁሉ በየእግራችን ይዘን ዝም አልን። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? በጎሉ በር ብቻውን የቆመው ልጅ ነውን? ወይስ ሳያስተምሩ ያቆሙት ናቸው?

ይህን ጥያቄ ይዘን ሳለ ተጫዋች ሆኖ ጀምሮ አሠልጣኝ ስለ ሆነ ሰው ታሪክ መመርመር ጀመርን። እንዲህ ያለው ሰው በየአገሩ አለ። በትምህርት ቤታችን በእጅ ኳስ የሚጫወቱ ጓደኞቻችን የነገሩንን ለምሳሌ ብንጠቅስ፣ በፖላንድ አገር ቦግዳን ቬንታ የሚባል ስመ ጥሩ የእጅ ኳስ ተጫዋች መጫወቱን ካቆመ በኋላ የአገሩን ብሔራዊ ቡድን አሠልጥኖ በ1999 ዓ. ም. በዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ፣ በ2001 ዓ. ም. ደግሞ ሦስተኛ እንዲሆን አድርጎታል። ለእኛ ግን ምሳሌ ለመፈለግ እስከ ፖላንድ መሄድ አያስፈልገንም። ከአገራችን ልጆች መካከል ከማንም የማያንስ አለን፤ እርሳቸውም አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ. ም. በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በቅኔያዊ ንግግር የታወቁ፣ በ1900 ዓ. ም. ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጅየው ግን ስማቸውን ያስጠሩት በኳስ ነው። ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከታተሉ ከኳስ ጋር ተዋወቁ፤ ከዚያም በኋላ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አልተለያዩም።

በ1928 ዓ. ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለው የእግር ኳስ ክለብ በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ክለቡ ከተመሠረተ ጥቂት ወራት እንደ ቆየ የፋሺስት ጦር ከተማይቱን ያዘ። በዚያን ጊዜ ይድነቃቸው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ይኸውም ዛሬ ከፊታችን የተቀመጣችሁት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ያላችሁበት ዕድሜ ነው። ፋሺስቶች ባወጡት የዘር ሕግ ጥቁርና ነጭ በመኖሪያም፣ በመጓጓዣም፣ በመዝናኛም እንዲለያይ ታዘዘ። ጨዋታም ከዚህ ሕግ አላመለጠም። አንድ ልጅ በገዛ አገሩ፣ በገዛ አፈሩ ላይ ኳስ ይዞ ቆሞ «አንተ ከእነዚህ ጋር ልትጫወት አይገባህም» ሲባል ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱ። ይህን ነገር እባካችሁ አትርሱት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አገራችን በ1933 ዓ. ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ኳስ እንደ ገና ተነሣ። በ1936 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የክለቦች ውድድር ሲደረግ የተሰለፉት ቡድኖች አምስት ነበሩ፤ አንዱ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን፣ አንዱ የአርመኖች፣ አንዱ የግሪኮች፣ አንዱ የኢጣልያኖች ሲሆን የኢትዮጵያውያን የነበረው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ያሸነፉት እንግሊዞች ነበሩ። በ1942 ዓ. ም. ግን ዋንጫውን ቅዱስ ጊዮርጊስ ወሰደ። አቶ ይድነቃቸው ለዚህ ክለብ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል። በ365 ጨዋታ 318 ጎል አግብተዋል እየተባለ በየጊዜው ይጠቀሳል። ለብሔራዊ ቡድንም አሥራ አምስት ጊዜ ተሰልፈዋል።

ጓደኞቻችን፤ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ታላቅ ተጫዋች ነበሩ ብለን አጨብጭበን በተቀመጥን ነበር። ጎል ግን ያገባው ሰው ሲያረጅ አብሮ ያረጃል። ያን ጊዜ ያዩ ሰዎች አንድ በአንድ ሲያልፉ የሚተርክም አይገኝም። አቶ ይድነቃቸው ይህን ያወቁት ገና በመጫወት ላይ ሳሉ ይመስለናል፤ ምክንያቱም ማልያቸውን ሳያወልቁ ሌላውን ሥራ ጀምረውታልና ነው።

በ1948 ዓ. ም. በፖርቱጋል አገር በሊዝበን ከተማ የዓለም የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ጉባኤ በተደረገ ጊዜ የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር እንዲቋቋም ተመከረ፤ ከማኅበሩ መሥራቾችም አንዱ እርሳቸው ናቸው። ማኅበሩም በየካቲት ወር 1949 ዓ. ም. በካርቱም ተመሠረተ። የመጀመሪያውም የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው ወር በዚያችው ከተማ እንዲደረግ ተወሰነ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር መጣ። ደቡብ አፍሪካ ቡድኗን ስታቀርብ ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቁሮች ብቻ የሆኑበትን እልካለሁ እንጂ ሁለቱን ቀላቅዬ አላሰልፍም አለች። ማኅበሩ ገና የተወለደ ነበረ፤ አባሎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ለውድድሩ የተዘጋጁትም እነዚሁ አራቱ ናቸው። ከአራት አንዱ ቢወጣ ውድድሩ ምን ይመስላል ብሎ መፍራት ይቻል ነበር። አቶ ይድነቃቸውና የግብጽ፣ የሱዳንም መልክተኞች ግን አልፈሩም፤ ቡድኑ በዘር ተለይቶ አይገባም ብለው ደቡብ አፍሪካን ከውድድሩ አስወጡ። የመጀመሪያውም የአፍሪካ ዋንጫ በሦስት አገሮች ብቻ ተደረገ።

ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጋጠም ዕጣ ደርሷት ስለ ነበረ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብጽ አራት ለዜሮ ተሸነፈች። አራቱንም ጎል ያገባው ዲባ የተባለው አንድ ተጫዋች ነው። እንግዲህ እኛ በሮቤ ስድስት ገባብን ብለን አንገታችንን ስንደፋ፣ አገራችንም በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አራት እንደ ገባባት ማስታወስ ይገባናል። በ1951 ዓ. ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ውድድርም ደግማ በግብጽ አራት ለዜሮ፣ በሱዳን ደግሞ አንድ ለዜሮ ተሸነፈች። ልዩነቱ ከሽንፈቱ በኋላ በተሠራው ሥራ ላይ ነው።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ. ም. በጥር ወር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1962 መሆኑ ነው፣ በአዲስ አበባ ተደረገ። የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ለዋንጫው የቀረቡት ኢትዮጵያ፣ ቱኒዝያ፣ ዩጋንዳና በዚያ ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ ናቸው። ጥር 6 ቀን ቱኒዝያ ሁለት ጎል ቀድማ አገባች፤ ነገር ግን የእኛ ልጆች ተመልሰው አራት ለሁለት አሸነፉ።

የፍጻሜው ጨዋታ በጥምቀት ማግሥት ሳምንት፣ ጥር 13 ቀን ተደረገ። ተጋጣሚያችን ሁለቱንም ያለፉ ዋንጫዎች የወሰደችው ግብጽ ናት። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ የተባለው የግብጽ ተጫዋች ጎል አገባ። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ አንድ ለዜሮ እንደ ተመራን ቆየን። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አገባና እኩል ሆንን፤ ሕዝቡም ደስታውን ገና ሳይጨርስ በሚቀጥለው ደቂቃ በደዊ ሁለተኛውን አገባ። ከመሪር ድካም በኋላ የተገኘ ነገር በአንድ ደቂቃ ሲነጠቅ ብዙ ቡድን ልቡ ይሰበራል። የእኛ ቡድን ግን ልቡ አልተሰበረም። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አገባና ሁለት ለሁለት ሆነ። በተጨማሪው ጊዜ በ101ኛው ደቂቃ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ በ117ኛው ደቂቃ ደግሞ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ዋንጫው የኢትዮጵያ ሆነ። አምበሉ ሉቻኖም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

አሁን ሐሳባችሁን ከኳሱ አንሥታችሁ ከሜዳው ዳር ወዳሉት ሰው መልሱት። ያን ሁሉ ጎል ያገቡት ይድነቃቸው በዚያን ቀን ለአንድ መቶ ሃያ ደቂቃ አንዲት ኳስ እንኳ ሊመቱ አይችሉም ነበር። በ75ኛው ደቂቃ ሁለተኛው ጎል ሲገባ ሮጠው ገብተው ሊመልሱት አይችሉም። አሠልጣኝ በጨዋታው ቀን እጁ የታሰረ ሰው ነው፤ ሥራውን የሚሠራው አስቀድሞ፣ ሰው በሌለበት፣ ጭብጨባ በማይሰማበት ቀን ነው። በፍጻሜው ዕለት የታየው አስቀድሞ የተዘራው ነው። ይህንም እኛ የባሌ ልጆች ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ኮምባይነር ስንዴውን ሲያጭድ ሕዝብ ሁሉ ወጥቶ ያያል፤ ዘር ሲዘራ ግን ለማየት የሚሰበሰብ የለም። ብልህ ገበሬም ቢራብ እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን እህል አይበላም። ተጫዋች የሚያውቀውን ለራሱ ብቻ ተጫውቶበት ቢጨርሰው የዘሩን እህል እንደ በላ ገበሬ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ከዚህ በኋላም አላረፉም። ለ1966ቱ የፈረንጆች ዓመት የዓለም ዋንጫ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሴንያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ አንድ ቦታ ብቻ እንዲያገኝ በተወሰነ ጊዜ፣ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው የአፍሪካ አገሮች በሙሉ ከውድድሩ እንዲወጡ ካስተባበሩት አንዱ ናቸው። አፍሪካ አልተጫወተችም፤ ነገር ግን ለሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ ለብቻዋ አንድ ቦታ ተሰጣት፤ በ1974 ዓ. ም. በተደረገው ደግሞ ሁለት ሆነላት።

በ1964 ዓ. ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ለአሥራ አምስት ዓመት በዚህ ሥልጣን ላይ ቆዩ። በእርሳቸው ዘመን በ1967 ዓ. ም. የአፍሪካ የዋንጫ አሸናፊ ክለቦች ውድድር፣ በ1971 ዓ. ም. የአፍሪካ ወጣቶች ውድድር ተጀመረ። የመጀመሪያውም የዓለም ወጣቶች ዋንጫ በ1969 ዓ. ም. የተደረገው በአፍሪካ ምድር፣ በቱኒዝያ ነው። እንግዲህ ጎል የማግባት ሥራ ወደ አሠልጣኝነት፣ አሠልጣኝነትም ለመላው አፍሪካ ወጣት መጫወቻ ወደ ማዘጋጀት ተሸጋገረ ማለት ነው።

ቀደም ሲል አትርሱት ያልናችሁን ነገር አሁን እንመልሰው። በፋሺስት ዘመን በዘር ሕግ ሥር ያደገው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ሰው በቆዳው ቀለም ከሜዳ ሊለይ አይገባም የሚለውን ቃል ዕድሜውን ሁሉ ይዞት ኖረ። በካርቱም በ1949 ዓ. ም. የተጀመረው ተጋድሎ ሃያ ዓመት ያህል ወስዶ፣ በሐምሌ ወር 1968 ዓ. ም. በሞንትሪያል በተደረገው ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ከዓለም የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ተባረረች። የዘር መድልዎ ሥርዓት እስኪወድቅም ድረስ አልተመለሰችም።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ. ም.፣ በቡሄ ዕለት ዐረፉ። ከእርሳቸው ዕረፍት ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ያህል በኋላ፣ በ1988 ዓ. ም. የአፍሪካ ዋንጫ በደቡብ አፍሪካ ተደረገ። ጥቁርና ነጭ አብረው የተሰለፉበት የደቡብ አፍሪካ ቡድን ቱኒዝያን ሁለት ለዜሮ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ኔልሰን ማንዴላም በዚያ ነበሩ። ቡድኑን ቀላቅላችሁ አምጡ ያሉት ሰው ያን ቀን ለማየት አልበቁም። የሚዘራ ሁሉ አጨዳውን አያይም፤ ይህ ግን ከመዝራት አላገዳቸውም።

ዘሩ በአገር ውስጥም አልጠፋም። በ117ኛው ደቂቃ አራተኛውን ጎል ያገቡት አቶ መንግሥቱ ወርቁ እርሳቸውም በተራቸው ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት ተሻግረው በ1974 ዓ. ም. በሊቢያ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድናችንን መርተው ሄዱ። በዚያ ውድድር በናይጄርያ ሦስት ለዜሮ፣ በዛምቢያ አንድ ለዜሮ ተሸነፍን፤ ከአልጄርያ ጋር ግን ዜሮ ለዜሮ ወጣን። ይህች አልጄርያ ከጥቂት ወራት በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን ሁለት ለአንድ ያሸነፈችው ናት። አቶ መንግሥቱ በ2003 ዓ. ም. ዐረፉ።

ከሊቢያው ውድድር በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2005 ዓ. ም. ነው። በመካከሉ ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈ። አፍሪካ ዋንጫን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ፣ ያውም ዋንጫውን ያነሣች አገር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከበር ውጭ ቆመች። ለዚህ ብዙ ምክንያት ሊሰጥ ይችላል፤ እኛም በዕድሜያችን ሁሉን ለመመርመር አንደፍርም። ነገር ግን ከትንሿ ሜዳችን ያየነውን ያህል እንናገራለን። የሚያውቀው ለማያውቀው ሳያስተላልፍ ሲቀር የዛሬው ቡድን ይጫወታል፤ የነገው ግን ከዜሮ ይጀምራል። እኛ በሮቤ ያየነው ይህንኑ ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «አቶ ይድነቃቸው ታላቅ ሰው ናቸው፤ እናንተ ግን ማን ናችሁና ታስተምራላችሁ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንን ከዋቢ ሸበሌ ገደል ማዶ፣ ከጎረቤታችን ከአርሲ እናምጣው። በበቆጂ ከተማ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር አሉ። በዓለም አደባባይ ሮጠው ሜዳልያ ያገኙ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠኑ እርሳቸው ናቸው። ደራርቱ በ1984 ዓ. ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች መካከል የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። በበቆጂ ያለው ብርድ በገሰራም አለ፤ በዚያ ያለው ደጋ በዚህም አለ። በዚያ የተገኘው ግን በየማለዳው ተነሥቶ ልጆችን የሚሰበስብ መምህር ነው። ስለዚህ ለማስተማር የግድ ዝነኛ መሆን አያስፈልግም፤ ከሚማረው ልጅ አንዲት እርምጃ መቅደምና ዞር ብሎ እጅ መስጠት ይበቃል።

ደግሞም «የመልቀቂያ ፈተና ደርሶባችኋል፤ ጊዜ ከየት ታመጣላችሁ?» የሚሉን ወላጆች አሉ። እውነታቸውን ነው። እኛም ትምህርታችንን ትተን በሜዳ እንድንውል አንፈልግም። ነገር ግን ለራሳችን ስንጫወት ጊዜ አጥሮን አያውቅም ነበር። ለራሳችን የተገኘው ጊዜ ለታናናሾቻችን ሲሆን ለምን ይጠፋል?

ስለዚህ የስፖርት ክበብ አባሎች የሆንን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚከተለውን ተስማምተን ወስነናል። ከዛሬ ጀምሮ ትምህርት ቤቱን እስክንለቅ ድረስ ዘወትር ቅዳሜ ጧት እያንዳንዳችን ከዘጠነኛ ክፍል አንድ አንድ ተማሪ ይዘን በእግር ኳስም፣ በመረብ ኳስም፣ በእጅ ኳስም፣ በሩጫም የምናውቀውን እናስተምራለን። ሴቶች ተማሪዎችም እንደ ወንዶቹ እኩል ይካፈላሉ፤ በሩጫ ከእኛ የሚበልጡ መኖራቸውንም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የተማረውም ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ በተራው አንድ ልጅ ይዞ እንዲያስተምር ቃል ያስገባል። ለዚህ ገንዘብ አንጠይቅም። ርእሰ መምህራችንን የምንለምነው ሜዳው ቅዳሜ ጧት እንዲፈቀድልንና ያረጁት ኳሶች ሳይጣሉ እንዲሰጡን ብቻ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው፣ ሥራው ለአንድ የስፖርት መምህር ከባድ ቢሆን ለሁላችን ቀላል ነው።

ሥራውንም በንግግር ብቻ አልጀመርነውም። ባለፈው ሳምንት ወደዚያ በረኛችን ቤት ሄደን ነበር። አባቱ ከማሳ ገና መመለሳቸው ነበረ፤ ጩኮና ወተት አቅርበው በደስታ ተቀበሉን። የመጣንበትን ነገር ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «እኔ ኳስ አላውቅም፤ ልጁ ግን ከሜዳ ሲቀር ማታ ማታ ዝም ማለት አበዛ፤ ይህን ነው የማውቀው» አሉን። እኛም አንገታችንን ደፍተን ይቅርታ ጠየቅን፤ በመጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎም እርሳቸውን። ጓንቱን የሰጠው ጓደኛችን አሁን ማስተማር እንደሚፈልግ በራሱ አፍ ነገረው። ልጁ እሺም እንቢም አላለም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን ጨዋታውን ከሜዳው ዳር ቆሞ ለማየት እንደሚመጣ ተናግሯል። እኛም ከዚህ የበለጠ ለመጠየቅ መብት ያለን አይመስለንም።

ክቡራትና ክቡራን፤ ይህ ትምህርት ቤት ሲመሠረት በመጀመሪያ የገቡት ተማሪዎች ዛሬ ከእኛ ጋር በወላጅነት ተቀምጠዋል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ መምህራን ሆነው ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። ትምህርት ቤት ማለትም ይኸው ነው፤ የተቀበለ ሰው ዞሮ የሚሰጥበት ቤት ነው። አቶ ይድነቃቸው ከኳስ የተቀበሉትን ለኳስ መልሰው ሰጡ፤ በዚህም ከጎላቸው ይልቅ ሥራቸው ቆየ። እኛ እንደ እርሳቸው አህጉር አንመራም ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚህ ግቢ ስንወጣ አንድ አንድ ልጅ አስተምረን ብንወጣ ባዶ እጃችንን አልወጣንም።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር። መምህራኖቻችንን ፈጣሪ በጤና ይጠብቅልን።  ጨዋታው በስምንት ሰዓት ይጀመራል፤ ሁላችሁንም በሜዳ እንጠብቃችኋለን።